በጥቁር ልብስ ወደ ሆሳዕና ኳስ ሜዳ

ከሾኔ የወጣሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባለቤቴ ማቴዎስ ባለፈው ክረምት ካረፈ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ በቀር የትም ሄጄ አላውቅም ነበር። ለዚህ ጉዞ ያነሣችኝ ልጄ ምሕረት ናት። ምሕረት የኳስ ቡድን በረኛ ናት። ዘንድሮ ትልቁን የሴቶች እግር ኳስ ውድድር ሆሳዕና ስለምታስተናግድ ቡድኗ ከሌሎቹ ጋር እዚያው ከትሟል። እሑድ ማታ አሠልጣኟ ታምራት ደወለልኝ። ታምራትን አራተኛ ክፍል ሳለ አማርኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም የሚጠራኝ ቲቸር እያለ ነው።

«ቲቸር፣ ምሕረት ከዚህ ውድድር በኋላ ኳስ አቆማለሁ እያለች ነው» አለኝ። «ለምነናት አልሰማ አለች። እርስዎ ቢመጡ ጥሩ ነው።»

ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ሳይሞላት እልልታና ጭፈራ ያለበት ቦታ አትሄድም። ይህን ማንም የትም አልጻፈውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። እኛ ፕሮቴስታንቶች ተዝካር አናወጣም፤ ሽማግሌዎቻችንም ሐዘን አታብዙ እያሉ ይመክሩናል። ጥቁር ልብሱ ግን ምክሩን ሁሉ አልፎ ከእኛ ጋር ቆይቷል። ሌላም ነገር አለው። ከል የሚለብሰው ሐዘንተኛው ይሁን እንጂ የሚያስወልቀው ሌላ ሰው ነው፤ የሟቹ ታላቅ ወይም የቤተሰቡ ትልቅ። በቃኝ ብለሽ በራስሽ እጅ አታወርጂውም።

ማቴዎስ ቢኖር ኖሮ ሳይጠሩት ይሄድ ነበር። ወፍጮ ቤት ነበረው። ማታ ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ምሕረት ኳስ መያዝ የተማረችው በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ እሱ እየወረወረላት ነው። ጨዋታ ባላት ቀን ወፍጮውን ዘግቶ ይሄዳል፤ እኔ ቤት እቀራለሁ። የኳስን ነገር ለሁለቱ ትቼው ነበር። አሁን ከሁለቱ አንዱ ስለሌለ መሄድ የእኔ ተራ ሆነ።

ሾኔ – ዱራሜ

በሚኒባሱ ውስጥ ወደ ውድድሩ የሚሄዱ ወጣቶች ነበሩ። ግማሾቹ ፊታቸውን ሰማያዊ ተቀብተዋል፤ ሰማያዊ የምሕረት ቡድን ቀለም ነው። ሙዚቃው መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል። ረዳቱ እኔን ሲያይ ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አለና ዝጋው፣ ሐዘንተኛ አለች አለው። ተዘጋ። ግድ የለም፣ ይከፈት ብዬ ለመንኩ። ረዳቱ ጭራሽ ተቆጣኝ።

«እናቴ፣ እኛም ቤት ሞት አለ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እስከ ዱራሜ ድረስ የተናገረ የለም። እነዚያ ፊታቸውን የተቀቡ ልጆች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በጨዋነት ተቀምጠው ሳይ ቀለም ተቀብተው ቀብር የሚሄዱ መሰሉኝ። በልቤ ሳቅሁ። ከሳቅሁ ረጅም ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ ስለዚህ ደነገጥኩ።

መንገዱ ከሾኔ እንደወጣ በበቆሎ ማሳ መካከል ያልፋል፤ እየቆየ እንሰቱ ይበዛል። ከእያንዳንዱ ቤት ጀርባ ያ ሰፊ ቅጠል እንደ አጥር ቆሟል። ዱራሜ ስንደርስ ሐምበሪቾ ተራራ ወገቡን በደመና ታጥቆ ነበር። የሆሳዕናው መኪና እስኪሞላ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቲቱ ወፍራም፣ ፈጣን ሴት ናት። ጡማ አለችኝ፤ ጡማ አልኳት። ይህ ሰላምታ በከምባትኛም በሀዲይኛም አንድ ስለሆነ ደስ ይለኛል። ቦምቦሊኖና ሻይ አቀረበችልኝና ማን እንደሞተብኝ ጠየቀች። ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጠች፤ ስንት ዓመቱ ነበር፣ ምን አሞት ነበር፣ ልጆች አሉ ወይ ብላ ሁሉንም ጠየቀችኝ። ቀጥላም ለቅሶ ልደርስ እየሄድኩ መሆኑን ጠየቀች።

«አይ፣ ኳስ ላይ ነው የምሄደው» አልኳት።

ጥቁር ልብሴን አየችው። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ወዲያው አፈረችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሒሳብ ልከፍል ስል እጄን መለሰችው። የሳቄ ካሳ ይሁን አለች።

በአንጋጫ በኩል

አንጋጫ ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ብርዱም እንደዚያው። ጉም መንገዱ ላይ ወርዶ ሾፌሩ በረፋዱ መብራት አብርቶ ይነዳ ነበር። ድንች በቅርጫት የደረደሩ ሴቶች መኪናው ሲቆም መስኮቱ ሥር መጡ፤ ከተሳፋሪው ግማሹ ገዛ። የመኪናው ወለል በድንች ከረጢት ተሞልቶ እግራችንን ከፍ አድርገን ቀጠልን። በዚህ መንገድ ከማቴዎስ ጋር ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። እሱ መንገድ ላይ አያርፍም፤ ያ የማን ማሳ ነው፣ ይህ ድልድይ መቼ ተሠራ፣ እያለ ያወራል። አሁን ድልድዮቹ ዝም ብለው አለፉ።

ሆሳዕና

ሆሳዕና ሰርግ ያለበት ቤት መስላ ጠበቀችኝ። መናኸሪያው እንደ ወትሮው ነው፤ ተሸካሚዎቹ ሻንጣዬን ሊነጥቁኝ ይታገላሉ፣ ትኬት አስቆራጮቹ አዲሳባ አዲሳባ እያሉ ይጮኻሉ፣ ገና የመጣሁ መሆኔን የሚያስተውል የለም። ከመናኸሪያው ውጪ ግን ከተማው ሌላ ሆኗል። ባጃጆቹ የየቡድኑን ባንዲራ ሰክተዋል። ከሱቅ ሱቅ ባለ ቀለም ሽንሽን ጨርቅ ተዘርግቷል። የባጃጁ ሾፌር አልጋ የለም፣ ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል፣ ሰው ሳሎኑን እያከራየ ነው ብሎ ሊያስፈራራኝ ሞከረ። ዘመድ ጋ ነው የማርፈው ስለው ቅር አለው።

ወደ ዘመዴ ቤት ከመሄዴ በፊት ለምሕረት አንድ ነገር ልግዛ ብዬ ከማቴዎስ ጋር ልብስ እንገዛበት ከነበረው ሱቅ ወረድኩ። ባለሱቁ ሐጂ ሱልጣን፣ አባታቸው ከጉራጌ መጥተው እዚህ የቀሩ፣ በእርጋታ የሚናገሩ ሰው ናቸው። መርዶውን አልሰሙም ነበር። ሱቁን ትተው ወጥተው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝና አጽናኑኝ። በመጨረሻ ሰማያዊውን ስካርፍ በጣቴ ሳሳያቸው እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ።

«ለማን ነው?» አሉ።

«ለልጄ።»

«ለልጅሽ ከሆነ እሺ» አሉና በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ጋዜጣውን ደግሞ በፌስታል ከተው፣ ቀለሙ እንዳይታይ አድርገው ሰጡኝ። አንድ መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። የተከለከለ ዕቃ ይዤ እንደምሄድ ሰው ቦርሳዬን አቅፌ ወጣሁ።

ያረፍኩት እትዬ አበነች ቤት ነው። እትዬ አበነች የማቴዎስ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ቶሎ ስላለፈች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በቀብሩ ዕለት ጥቁሩን ለእኔም ለምሕረትም ያለበሱን እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ዓመት ማለት ዓመት ነው፤ አንድ ሳምንት የጎደለው ዓመት አይደለም። ምሕረት ትጫወት እንጂ አንቺም ሜዳ ትሄጃለሽ ብዬ አላሰብኩም አሉኝ፤ ልጅቷ መጫወቷን ራሱ እንደ ሥራ ቆጥረው ነው የታገሡት። እኔ ግን ሥራም የለኝ።

ከሰዓት በኋላ ምሕረትን ለማየት ቡድኑ ወዳረፈበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ልጆቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው ጫማ ያጥባሉ፤ አንዷ የሌላዋን ጸጉር ትሠራለች። ምሕረት ጥቁር ማሊያ ለብሳ ብቻዋን ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። የቡድኑ የበረኛ ማሊያ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጥቁርና ብርቱካናማ። ከቀብሩ ወዲህ ብርቱካናማውን ነክታው እንደማታውቅ ታምራት ነግሮኛል። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ስካርፉን ሰጠኋት፤ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ኳስ ለምን እንደምታቆም ጠየቅኋት።

«ቤት ማን አለ?» አለችኝ።

«እኔ አለሁ።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

ሳላገባ፣ ሳልወልድ፣ ሳላስተምር የኖርኩ ይመስል የመጣልኝ ምክር አንድ ብቻ ነው። አባትሽ ቢሰማ ያዝናል አልኳት። አባቴ አይሰማም አለችኝ፤ በቁጣ ሳይሆን እንዲሁ እንደሚታወቅ ነገር። በማግስቱ የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ አለ። ተጫውታ ከእኔ ጋር ወደ ሾኔ ልትመለስ ወስናለች። ቦርሳዋን ሳይቀር አዘጋጅታ ነበር።

ሜዳው

ረቡዕ ምሳ ከተበላ በኋላ ወደ ሜዳው ልሄድ ተነሣሁ። እትዬ አበነች በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ነጭ ነጠላቸውን ለብሰዋል፣ ከዘራቸውን ይዘዋል። ሊከለክሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሄድም» አሉ። «ስድብም ካለ ሁለታችንን ይስደቡን።»

በባጃጅ ሄድን። ሜዳው አፋፉ ድረስ ሞልቷል። ሰማያዊ በአንድ በኩል፣ ተጋጣሚያችን ቢጫ ለባሽ ስለሆነ ቢጫ በሌላ በኩል፤ ከበሮና ጥሩምባ፣ ቆሎና ሸንኮራ የሚሸጡ። እኛ ስንገባ የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልን። ጥቂት እንደተቀመጥን አንድ ሰው ከላይ እየተሻገረ መጣ። ከሆመቾ የመጣ የእህል ነጋዴ ነው፤ ማቴዎስን ከወፍጮው ያውቀዋል። ለቅሶ አልደረሰም ነበር። በእኛ ወግ ያላለቀሱለትን ሐዘንተኛ ሲያገኙ እንደ ሌላ ሰው ሰላም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ ያ ትልቅ ሰውዬ በጥሩምባው መሀል ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፊቱን በእጁ ይዞ፣ ወይኔ ወንድሜ ብሎ አለቀሰ።

ቀጥሎ ከኋላዬ ያለች ሴት ትከሻዬን ነካች፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አለችኝ። ከዚያ ሌላው። የማያውቁኝም ተራ ይዘው መጡ። ፊቱን እንደ ነብር ያዥጎረጎረ አንድ ጎረምሳ ጥሩምባውን ከጀርባው ደብቆ ጎንበስ ብሎ አጽናናኝና ከኋላው ለነበረው ቦታውን ለቀቀ። ያ የደጋፊ መደዳ ለአንድ አፍታ ለቅሶ ቤት ሆነ። እትዬ አበነችም የቤቱ ባለቤት ሆነው እያንዳንዱን አመሰገኑ፤ ተቀመጡ፣ ጨዋታው ይጀምራል አሉ።

በዚህ መሀል ሜዳው ዳር ግርግር አየሁ። ታምራት እጁን እያወዛወዘ ወደ እኔ ይጠቁማል። ወረድኩ። በአጥሩ በር ላይ የቆመችው ፖሊስ ጥቁሬን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ከፈተችልኝ። የሆነ ሰው የሞተ ሳይመስላት አልቀረም። ታምራት ወደ መልበሻ ክፍሉ ይዞኝ ገባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተጋጣሚው ቢጫ ስለሆነ የሜዳው ዳኞች በዚያ ቀን የለበሱት ጥቁር ነበር። በረኛ ደግሞ ከዳኛ ጋር አንድ ቀለም መልበስ አይፈቀድላትም። ያለፉትን ጨዋታዎች ዳኞቹ ቢጫ ስለነበሩ ምሕረትን የነካት አልነበረም። ጠዋት በተደረገው ስብሰባ ለታምራት ነግረውታል፤ እሺ፣ ብርቱካናማ ትለብሳለች ብሎ ፈርሞ ወጥቷል። ለምሕረት ግን አልነገራትም። ያላስተማርኩት ሰው ቢሆን እናደድበት ነበር።

«ቲቸር፣ ሐዘንተኛን አውልቂ ብዬ እንዴት ልናገር?» አለኝ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «ሜዳ ላይ ሲያዩዋት ያዝኑላታል ብዬ ነበር።»

ከዳኞቹ ያዘነላት የለም፤ ሊያዝኑም አይችሉም። ካልቀየረች ተቀያሪዋ ትገባለች። ተቀያሪዋ ከመልበሻ ክፍሉ ጥግ ቆማ ጓንቷን ታጠልቃለች፣ ታወልቃለች። ምሕረት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ብርቱካናማው ማሊያ ከጎኗ፣ እንደተጣጠፈ።

«ይኸው እማ፣ ቀረ» አለችኝ። «ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።»

የአባትሽ ሐዘን በማሊያ አይደለም፣ ልበሺው አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከራስ ሻሼ እስከ ጫማዬ።

«አንቺ ሳታወልቂ እኔ አላወልቅም።»

ነጠላዬ ጥቁር ነው፤ እጄ ጫፉ ላይ ነበር። ሳብ ባደርገው ይወርዳል። እጄ እምቢ አለኝ። እትዬ አበነችን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ይህን ጥቁር ለብሼ በሄድኩበት ሁሉ ሰው ስለ ማቴዎስ ይጠይቀኛል። የሻይ ቤቷ ሴት ጠይቃኛለች፣ ሐጂ ሱልጣን ጠይቀውኛል፣ የሆመቾው ሰው አልቅሶለታል። ነጭ ከለበስኩ ማን ይጠይቀኛል? ነጠላዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አበነች በዚያ ሕዝብ መሀል ብቻቸውን ወርደው መጥተዋል። ለካ ሐዘንተኛን ብቻዋን ላለመተው ነው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና ምሕረትን ጠየቋት።

«ነገ ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ቤት፣ አክስቴ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«እማ ጋ ልቀመጥ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ብዙነሽ፣ ተቀመጪልኝ ብለሻታል?»

አላልኩም አልኳቸው። እትዬ አበነች ግድግዳውን ተደገፉ። ውጪ ከበሮው ይሰማል። አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ መጣች፤ ፊሽካዋ አንገቷ ላይ ነው፣ ጥቁር ለብሳለች። የመሐል ዳኛዋ ናት። ለመውጣት ጊዜው ደርሷል ብላ ተናገረች። እትዬ አበነች ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡና ወደ እሷ ሄዱ።

«ልጄ፣ ጥቂት ታገሺን» አሏት። «ሐዘን እያወጣን ነው።»

ዳኛዋ ልብሳቸውን አየች፣ ልብሳችንን አየች። ሰዓቷን ለማየት የጀመረችውን ተወችው። ጀርባዋን ሰጥታን በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆመች።

«እኔ ነኝ ያለበስኳችሁ፣ እኔ ነኝ የማስወልቃችሁ» አሉ እትዬ አበነች። «እኔ ብሞት ኖሮ ወንድሜ ሳምንትም አይለብስልኝም ነበር። ቢለብስስ ዱቄቱ ጥቁሩን ሳያነጣ ይተወው ነበር ብላችሁ ነው?»

ምሕረት ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ እንደገና ሳቀች። እትዬ አበነች ጥቁሩን ነጠላ ከትከሻዬ አነሡት፤ ሻሼንም ፈቱት። የራሳቸውን ነጭ ነጠላ አውልቀው አለበሱኝ። ቀሚሱን ማታ ቤት ታወልቂዋለሽ አሉኝ። ከዚያ ብርቱካናማውን ማሊያ አንሥተው ለምሕረት በእጃቸው ሰጧት። ጓደኞቿ ከበዋት ለበሰች። እትዬ አበነች ሁለታችንንም ግንባራችንን ሳሙን።

«ከእንግዲህ ለደስታ ልበሱ። ሞት ይብቃን» አሉ።

አሜን ያልነው ሁላችንም ነን፤ በሩ ላይ የቆመችውም ጭምር።

ስለ ጨዋታው የማውቀውን ያህል እጽፋለሁ። ልጄን ሙሉ ጨዋታ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቤት ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም፤ ሜዳ ላይ ግን ተከላካዮቹን በስማቸው እየጠራች፣ ግቢ፣ ውጪ፣ ኋላሽን እዪ እያለች ታዛለች። አባቷ በወፍጮው ጩኸት ላይ ሰው ሲጠራ እንዲሁ ነበር። አንድ ኳስ በግራዋ በኩል መሬት ለመሬት መጣ፤ ወደቀችና በሁለት እጇ አቀፈችው፣ እንደ ሕፃን። የሆመቾው ሰውዬ ተነሥቶ ጮኸ፣ ከዚያ እኔን አስታውሶ ቁጭ አለ። ግድ የለም፣ ጩህ አልኩት። ከእረፍት በኋላ ከማዕዘን ምት የመጣ ኳስ በሰው መሀል አልፎ ገባባት። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ምሕረት ኳሱን ከመረቡ አውጥታ ወደ መሐል ስትወረውር አየኋት። ፊቷን አልሸፈነችም።

ማታ እትዬ አበነች አተካና ሠሩ። አተካና ከቡላ በቅቤና በወተት የሚሠራ የደስታ ምግብ ነው፤ ተሸንፎ ለመጣ ሰው ይሠራል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ኳሱን ማን ጠየቀሽ አሉኝ። ምሕረት ታምራትን አስፈቅዳ መጥታ ነበር። ጥሩ በላች። ልትሄድ ስትል ቦርሳዋን ልታመጣ መስሎኝ፣ ነገ መቼ እንደምንነሣ ጠየቅኋት።

«ቅዳሜ የሦስተኛ ደረጃ ጨዋታ አለን» አለች። «አንቺ ሂጂ። ለሚቀጥለው ዓመትም ቦታዬን ለማንም እንዳይሰጥ ለታምራት ነግሬዋለሁ።»

መመለስ

ሐሙስ ተመለስኩ። ጉሙ ስለተነሣ አንጋጫ ላይ ሸለቆው እስከ ታች ይታይ ነበር። ዱራሜ መኪና ቀየርኩ፤ የገበያ ቀኗ ስለነበር ሰው ይጋፋል። ነጭ ነጠላ ስለለበስኩ ማንም ቦታ አልለቀቀልኝም፤ ማንም ማን ሞተብሽ አላለኝም። የፈራሁት ደረሰ። ከጎኔ አንዲት የቅቤ ነጋዴ ተቀምጣለች። ከየት እንደምመጣ ጠየቀችኝ። ከሆሳዕና፣ ልጄ ስትጫወት አይቼ አልኳት። ሴት ልጅ ኳስ የት ተማረች አለች። ከወፍጮ ቤት ግድግዳ ሥር፣ ከአባቷ አልኳትና ጀመርኩ። ሾኔ እስክንደርስ ድረስ ስለ ማቴዎስ አወራኋት። ጥቁሩ ልብስ ያስጠይቅልኝ የነበረውን አሁን ሳልጠየቅ መናገር እንዳለብኝ ያወቅሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው። የሚከብድ አይደለም። መጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚያስቸግረው።

ቤት ስገባ ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡ። ነጩን አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ። ከእድራችን ሴቶች ትልቋ ወይዘሮ ጽጌ ማን እንዳስወለቀኝ ጠየቁኝ፤ በቁጣም በፍቅርም ያልሆነ፣ እንደ ሕግ ሰው። የማቴዎስ ታላቅ እህት አልኳቸው። የት ሲሉኝ ኳስ ሜዳ መልበሻ ክፍል ውስጥ አልኩ። ወይዘሮ ጽጌም ታላቅ ካስወለቀ ወለቀ አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ከዚያ ማን እንዳሸነፈ ጠየቁ።

ቅዳሜ ምሽት ምሕረት ደወለች። ሁለት ለአንድ አሸንፈዋል። የለበሰችውን ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ ዳኞቹ እንደገና ቢጫ ስለሆኑ ጥቁሩን ነው።

«ብርቱካናማው ታጥቦ አልደረቀም ነበር» አለች።

ከዚያ በሁለተኛው አጋማሽ ስለያዘችው ኳስ ማውራት ጀመረች። የት እንደቆመች፣ ማን እንደመታው፣ በየትኛው እጇ እንደነካችው ነገረችኝ። ረጅም ወሬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኋት።